«ብርድ ነው» ብለን የምናልፈው ሕመም
ነርቮቻችን ቅዝቃዜን እንዴት ያውቃሉ? ማወቅ ሲያቅታቸውስ?

 

በአገራችን ብዙ ሕመም በአንድ ቃል ይጠራል፤ እሱም «ብርድ» ነው። ወገቡን የያዘው ሰው «ብርድ መታኝ» ይላል። ሆዱን የቆረጠውም «ብርድ ገባኝ» ይላል። እግሩ የደነዘዘ፣ ጣቶቹን የሚወረው፣ ሌሊት ውስጥ እግሩን የሚያቃጥለው ሰውም መልሱ ያው ብርድ ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ መድኃኒት ቤቶች «የብርድ ቅባት ስጡኝ» የሚል ሰው የማይመጣበት ቀን የለም። አብዛኛው እውነትም ብርድ ነው፤ ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሻምቡ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት በእነዚህ ከተሞች ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል።

ሆኖም ከእነዚህ «ብርዶች» መካከል ብርድ ያልሆኑ አሉ። ብርድ እየተባሉ ወራትና ዓመታት ሲያልፉ ሰውን እግሩን እስከማሳጣት የሚያደርሱም አሉ። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ነገር መረዳት ያስፈልገናል፤ ይኸውም ሰውነታችን ቅዝቃዜን የሚያውቅበትን መንገድ ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት ተመራማሪዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ደርሰውበታል። በዚህ ወር አምዳችን ይህንኑ እናያለን ኢንሻአላህ።

ቅዝቃዜን የሚያውቀው ማን ነው?

ብዙ ሰው ቅዝቃዜን የሚያውቀው ቆዳ ይመስለዋል። ቆዳው ግን መኖሪያ ቤቱ ነው እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ቅዝቃዜን የሚለዩት በቆዳው ውስጥ የተዘረጉ የነርቭ ጫፎች ናቸው። የእነዚህ ነርቮች ዋና አካል የሚገኘው ከአከርካሪ አጥንታችን ጎን ነው። ከዚያ ተነስቶ እንደ ክር የቀጠነ ዘንግ እስከ እግር ጣት ድረስ ይዘረጋል። በአዋቂ ሰው ላይ የዚህ የአንዱ ክር ርዝመት አንድ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን ርዝመት አስታውሱት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ነርቮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ መነካትን፣ ሌላው ሙቀትን፣ ሌላው ቅዝቃዜን ይናገራል። ቅዝቃዜን የሚናገሩትና ሕመምን የሚያደርሱት ቀጫጭኖቹ ነርቮች ናቸው። በእነዚህ ነርቮች ጫፍ ላይ እንደ በር የሚከፈቱና የሚዘጉ ፕሮቲኖች አሉ። በሩ ሲከፈት ሶድየምና ካልስየም ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ በዚያም የኤሌክትሪክ መልእክት ይነሳል። መልእክቱ ወደ ኅብለ ሰረሰር፣ ከዚያም ወደ አንጎል ይሄዳል። «ቀዘቀዘኝ» የምንለው መልእክቱ አንጎል ሲደርስ ነው።

ሁለት መልእክቶች፦ «ቀዝቅዟል» እና «ያማል»

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ለብ ካለው ቤት ወጥቶ የጠዋት አየር ሲነካን ደስ ይለናል። በበረዶ ውሃ ውስጥ የገባ እጅ ግን ይጠዘጥዛል፣ ያማል። ሁለቱም ቅዝቃዜ ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ የመጠን ብቻ ነው ወይስ የተለያዩ መልእክተኞች ናቸው?

መልሱ የመጣው ደረጃ በደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ዴቪድ ጁሊየስ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ንጥረ ነገር በየትኛው በር እንደሚገባ አገኙ። ያው በር ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ባለ ሙቀትም ይከፈታል። ሚጥሚጣ በላን ስንል «አቃጠለኝ» የምንለው ለዚህ ነው፤ ለአንጎላችን እውነተኛ እሳትና ሚጥሚጣ በአንድ በር የሚመጡ እንግዶች ናቸው።

በ2002 ደግሞ ጁሊየስና ቤይሩት ተወልደው ያደጉት አርደም ፓታፑቲያን፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቤተ ሙከራ፣ የቅዝቃዜውን በር አገኙ። ስሙ ቲአርፒኤም8 ይባላል። የሙቀት መጠኑ ከ26 ዲግሪ አካባቢ ዝቅ ሲል ይከፈታል፤ በሜንቶልም ይከፈታል። ሜንቶል በሚንት ከረሜላ፣ በጥርስ ሳሙናና በብዙ የብርድ ቅባቶች ውስጥ ያለው ነገር ነው። ሁለቱ ሰዎች በሙቀትና በመነካት ስሜት ላይ ባደረጉት ግኝት እ.ኤ.አ. በ2021 የሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ጉዳዩ ግን በዚህ አላለቀም። በ2007 ይህ በር የሌላቸው አይጦች በሦስት የተለያዩ የምርምር ቡድኖች ተፈተኑ። አይጦቹ መለስተኛ ቅዝቃዜን መለየት አቃታቸው። በጣም ኃይለኛ ለሆነው ቅዝቃዜ ግን አሁንም ምላሽ ይሰጡ ነበር። ስለዚህ «ያማል» የሚለውን መልእክት የሚያነሳ ሌላ በር መኖር አለበት ማለት ነው።

ያን በር ሲፈልጉ የነበሩት በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2019 በአንዲት ጥቃቅን ትል ላይ ፍንጭ አገኙ። በ2024 ደግሞ በአይጥ ላይ አረጋግጠው አሳተሙት። ግሉኬ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በአንጎል ውስጥ ሌላ ሥራ እንዳለው ቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ እዚያ ነርቮች እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ይረዳል። በቆዳ ባሉት ነርቮች ላይ ግን ከ20 ዲግሪ በታች የሆነ የሚያሳምም ቅዝቃዜን የሚለይ ቴርሞሜትር ሆኖ ተገኘ። ይህ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ሙቀትን፣ መነካትንና መለስተኛ ቅዝቃዜን እንደ ጤነኛ ይለያሉ፤ የሚያሳምመውን ቅዝቃዜ ግን በደንብ መለየት ያቅታቸዋል።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ቅዝቃዜ ራሱ ነርቭን ያደነዝዛል፤ መልእክት አስተላላፊ የሆኑት አብዛኞቹ የሶድየም በሮች ሲቀዘቅዙ ሥራቸው ይዳከማል። ታዲያ ጣት ደንዝዞ ሳለ ሕመሙ እንዴት ይቀራል? በ2007 የጀርመን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት በሕመም ነርቮች ላይ ያለ ናቭ1.8 የሚባል አንድ የሶድየም በር በቅዝቃዜ ውስጥም ሥራውን አያቆምም። ጣታችን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት ሕመሙ ግን አልለቅ የሚለን በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ መልእክተኛ ሲተኛ ሌላው እንዲነቃ አድርጎ የፈጠረ ጌታ ጥራት ይገባው።

ናና፣ ቅባትና ቅርንፉድ

ከዚህ ተነስተን በየቤታችን ያሉ ነገሮችን እንመልከት።

ሜንቶል ያለበት ቅባት ስንቀባ ቆዳችን የቀዘቀዘ ይመስለናል። ቆዳው ግን አልቀዘቀዘም፤ ቅባቱ የቅዝቃዜውን በር በመክፈት ለአንጎል መልእክት አስላከ እንጂ። ያ መልእክት የጡንቻ ሕመምን ለጊዜው ስለሚሸፍን ይጠቅማል። «ብርዱን አወጣው» ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ ቅባቱን ከቀቡ በኋላ በጋለ ጨርቅ መጠቅለል፣ በቁስል ላይ መቀባት ወይም ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አፍንጫና ደረት መቀባት አይገባም። ሜንቶልና ካምፎር ለሕፃናት አተነፋፈስ አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ።

ቅርንፉድስ? እናቶቻችን ጥርሱን ለታመመ ሰው ቅርንፉድ አስነክሰው ነው ያሳደጉን። በ2021 የወጣ ጥናት እንዳሳየው በጥርስ ውስጥ፣ ጥርስን በሚሠሩት ሴሎች ላይ፣ ቲአርፒሲ5 የሚባል የቅዝቃዜ በር አለ። ጥርሱ የተቦረቦረ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ዘልሎ የሚነሳው በዚህ በር በኩል በሚያልፈው ሕመም ነው። የቅርንፉድ ዘይት ደግሞ ይህንን በር ይዘጋል። እናቶቻችን ትክክል ነበሩ ማለት ነው። ነገር ግን ቅርንፉዱ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ የተቦረቦረውን ጥርስ አይሞላውም፤ ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ አይቀርም። ንጹሑ ዘይት ድድን ሊያቃጥል ስለሚችል በጥቂቱ ነው፤ ሕፃናት እንዳይጠጡትም መጠንቀቅ ያሻል።

የሱብሒ ውሃ

የአንባቢዎቻችን የዘወትር ጥያቄ አለ። በጀሪካን ውጪ ባደረ ውሃ ለሱብሒ ውዱእ ማድረግ እጅና እግርን ያማል። ይህ ጉዳት ነው ወይ?

ጤናማ ለሆነ ሰው በአጭሩ መልሱ ጉዳት አይደለም የሚል ነው። በሰው ላይ ቅዝቃዜ ወደ ሕመም የሚለወጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ዲግሪ ገደማ በታች ነው። ሥጋን የሚያበላሸው በረዶ ግን ከዜሮ በታች ይጀምራል። ማንቂያው የሚደውለው አደጋው ገና ሩቅ ሳለ ነው። የነቀምቴና የሻምቡ የጠዋት ውሃ ማንቂያውን ያስደውላል፤ ለአንድ ለሁለት ደቂቃ የነካውን ሥጋ ግን አያበላሽም። ውሃ ሙቀትን ከሰውነት የሚወስደው ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ስለሆነ ከአየሩ ይልቅ ውሃው ያማል። ከውዱእ በኋላ ወዲያው በፎጣ ማድረቅና ካልሲ ማድረግ በቂ ነው።

የተለየ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ግን አሉ። የደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸው አባቶችና እናቶች ውሃውን ለብ ቢያደርጉት ይመረጣል፤ እጅን በበረዶ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ማቆየት የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ ከታወቀ ቆይቷል። በብርድ ጊዜ ጣቶቻቸው ነጭ፣ ቀጥሎም ሰማያዊ የሚሆንባቸው፣ ሕመምተኞችና በጣም ያረጁ ሰዎችም እንዲሁ።

ውሃ ማሞቅ ዲን የሚከለክለው ነገር አይደለም። እንዲያውም አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ሰሓባው ዓምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በዛተ ሰላሲል ዘመቻ ላይ ሳሉ፣ ገላ መታጠብ ግዴታ በሆነባቸው በጣም ብርዳማ ሌሊት፣ ቢታጠቡ ይጎዳኛል ብለው ስለፈሩ ተየሙም አድርገው ሰገዱ። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነገራቸው ሳቁ፤ ምንም አላሏቸውም። ነፍስን ከጉዳት መጠበቅ ከዲናችን ነው። ውሃ ማሞቅ የሚችል ሰው ግን ያሙቅ፤ የተየሙሙን ዝርዝር ሁኔታ በአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎችን ጠይቁ።

መልእክተኛው ሲታመም

እስከ አሁን ያየነው መልእክተኛው ጤነኛ ሲሆን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ግን እሱ ሲታመም የሚሆነው ነው። የታመመ ነርቭ በሁለት መንገድ ይዋሻል። አንድም ብርድ በሌለበት ብርድና ማቃጠልን ይናገራል፤ አለዚያም ብርድም እሳትም እያለ ዝም ይላል። ሁለተኛው ይከፋል።

አንደኛ፣ የስኳር በሽታ ነው። ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነርቭን ይጎዳል። ቀድሞ የሚጎዳው ደግሞ ረጅሙ ነርቭ ነው፤ ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚደርሰው ያ አንድ ሜትር ክር። ስለዚህ ምልክቱ ከሁለቱም እግር ጣቶች ይጀምርና ልክ እንደ ካልሲ ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ይወራል፣ ሌሊት ያቃጥላል፣ አንሶላው ሲነካው ያማል። ሰውየውም «ብርድ ነው» ይልና ቅባት ይገዛል። በኋላ ሕመሙ ይጠፋል፤ «ዳንኩ» ይላል። አልዳነም፤ መልእክተኛው ነው ዝም ያለው። ከዚያ ወዲያ ሚስማር ቢወጋው፣ ጫማ ቢልጠው፣ እግሩን ለማሞቅ ወደ ከሰል ማንደጃ አስጠግቶ ቢቃጠል አያውቅም። ብዙ እግር የሚቆረጠው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛ፣ ሥጋ ደዌ ነው። «ይህ በሽታ ጠፍቶ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አልጠፋም፤ በቅርብ ዓመታት በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ2000 በላይ አዳዲስ ሕሙማን ተመዝግበዋል። የበሽታው ባክቴሪያ ከዋናው የሰውነት ሙቀት ዝቅ ያለ ቦታ ይወዳል፤ ስለዚህ ፊትን፣ ጆሮን፣ እጅንና እግርን ይመርጣል፤ በዚያ ያሉትን ነርቮች የሚሸፍኑ ሴሎች ውስጥ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ሙቀትንና ቅዝቃዜን የመለየት ስሜት ነው። ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ የማያሳክክ፣ ሲነኩት ወይም ሲያቀዘቅዙት የማይሰማ የቆዳ ምልክት ያለበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሊመረመር ይገባል።

ሥጋ ደዌ እርግማን አይደለም፤ ዘርም አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ አለርት፣ በ1970 ደግሞ ከጎኑ የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም የተመሠረቱት ለዚሁ በሽታ ነበር። በ1980ዎቹ ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን በአንድነት የሚሰጡበት ሕክምና ወደ አገራችን ገባ። ዛሬ መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ እንደ በሽታው ዓይነት ስድስት ወር ወይም አሥራ ሁለት ወር ይወሰዳል፣ ይድናልም። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ለረጅም ጊዜ ተጎድቶ የሞተን ነርቭ ግን ብዙ ጊዜ አይመልስም። ቶሎ መሄድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በአገራችን የቲቢና የሥጋ ደዌ አገልግሎት በአንድ ፕሮግራም ሥር ስለሆነ በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል።

ሦስተኛ፣ መድኃኒቶች ናቸው። ለቲቢ የሚሰጠው አይሶናያዚድ (አይ ኤን ኤች) የቫይታሚን ቢ6ን ሥራ ስለሚያውክ እግርን ሊያደነዝዝ ይችላል፤ ቢ6 አብሮ ሲሰጥ ይህን ይከላከላል። ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመት የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሳቸው ይችላል፤ እሱም ነርቭን ይጎዳል። ለአንጀት ካንሰር የሚሰጠው ኦክሳሊፕላቲን ደግሞ የቅዝቃዜ ነርቮችን ስለሚያስቆጣ ሕመምተኛው ቀዝቃዛ ዕቃ ሲነካ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ እንደ ኤሌክትሪክ ይይዘዋል። ስታቩዲን የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒትም በዚህ ጉዳቱ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ቀስ በቀስ እንዲቀር መክሯል፤ በዚያ ዘመን የወሰዱ ሰዎች ላይ የቀረ የእግር መደንዘዝ ሊኖር ይችላል። ማንም ሰው ግን ይህን አንብቦ መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቋርጥ አደራ! ቲቢን ማቋረጥ ከእግር መደንዘዝ እጅግ ይከፋል። ምልክቱን ለሐኪም ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ መንገር ነው መፍትሔው።

ምን እናድርግ?

አላህ (ሱ.ወ.) በቀን አምስት ጊዜ እግራችንን እንድንታጠብ አድርጎናል። ይህን ውዱእ ለጤና ምርመራም ልንጠቀምበት እንችላለን።

1. እግራችሁን ስትታጠቡ ውሃው በሁለቱም እግሮች እኩል መቀዝቀዙን አስተውሉ። በጣቶች መካከል፣ በተረከዝና በውስጥ እግር ቁስል፣ ስንጥቅ ወይም የቆዳ ለውጥ መኖሩን እዩ። ማጎንበስ ለከበዳቸው ወላጆች ልጆች ይዩላቸው።

2. ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሌላ ሰው የእግራችሁን ጣቶች በጥጥ ጫፍ በቀስታ ይንካላችሁ። ያልተሰማችሁ ቦታ ካለ ለሐኪም ንገሩ።

3. እግሩ የደነዘዘ ሰው የውሃን ሙቀት በእግሩ አይለካ፤ በክርኑ ይለካ ወይም ሌላ ሰው ይለካለት። እሳትና ማንደጃ አጠገብ እግር መዘርጋት ይቅር። ባዶ እግር መሄድ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን፣ ይቅር። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት ውስጡን በእጃችሁ ዳብሱ።

4. የ«ብርድ» ስሜቱ በሙቅ ቀንም ካለ፣ በጋቢና በካልሲ ካልለቀቀ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከሁለቱም እግር ጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ከወጣ ወይም መደንዘዝ ካለው፣ ሌላ ቅባት ከመግዛት በፊት የደም ስኳር ተመርመሩ።

5. ቅባት ልትገዙ መድኃኒት ቤት ስትመጡ «ለብርድ» ብቻ አትበሉን። የት እንደጀመረ፣ መቼ እንደሚብስ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስዱ ንገሩን። ሁለት ደቂቃ ብትወስድም እግርን የምታተርፍ ወሬ ልትሆን ትችላለች።

የብርድ ሕመም ደስ አይልም። ሆኖም ጤነኛ ሰው በጠዋት ውሃ «ኧረ ቀዘቀዘ!» ማለቱ ነርቮቹ ሥራቸውን እየሠሩ ለመሆኑ ምልክት ነውና አልሐምዱሊላህ ይበልበት። ይህን ስሜት ያጣ ሰው በቤታችሁ ካለ ግን በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙትንም ሺፋ ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።